ደሴና ኮምቦልቻ አየራቸውን ለየብቻ ያጽዱ ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በእኛ በወሎዎች ዘንድ ሲነበብና ሲያነጋግር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ የአየር ብክለትን ለመቆጣጠር አጎራባች ከተሞችና አስተዳደሮች ፖሊሲያቸውን ማቀናጀት አለባቸው የሚለውን ሐሳብ ከሥሩ ይሞግታል። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦ ጭስ የሚጎዳው የተነሣበትን ሰፈር ስለሆነ ደሴ የራሷን፣ ኮምቦልቻም የራሷን ታጽዳ፤ ለቅንጅት ምሳሌ ተደርጋ የምትጠቀሰው ቤጂንግ የጠራችው በራሷ ጉልበት ነው፤ ቅንጅት ኮምቦልቻን እንጀራዋን ያሳጣታል፤ በአገሮች መካከል የተደረጉ ስምምነቶች ወረቀት ሆነው ቀርተዋል፤ የወሎ ዋናው ጭስ የማድ ቤት ጭስ ነው፤ በመጨረሻም እንዲህ ላለው ሥራ የሚሆን ሕግ የለንም። ጸሐፊው ጉዳዩን አንሥተው እንድንነጋገርበት ማድረጋቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ካነሧቸው ነጥቦችም ሁለቱ ክብደት አላቸው። ይሁን እንጂ ከትክክለኛ መነሻ ተነሥተው የማያስኬድ መደምደሚያ ላይ የደረሱበት ቦታ ስለሚበዛ፣ በየተራ መልስ መስጠት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። የውጭ አገር ጉዳዮችን ስጠቅስ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በላይ ሰፋ ብሎ ሊታይ የሚገባው የመጀመሪያው ነጥብ ነው፤ ሌሎቹ የቆሙት በእርሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው ጭስ ከተነሣበት ብዙም አይርቅም ሲሉ፣ የሚያወሩት ዓይን ስለሚያየው አቧራና ጥላሸት ከሆነ እውነት አላቸው፤ ትልልቁ ቅንጣት ክብደት ስላለው እዚያው አቅራቢያ ይወርዳል። ጤናን ይበልጥ የሚጎዳው ግን ደቃቁ፣ ውፍረቱ ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የማይበልጠው ቅንጣት ነው፤ ይህኛው ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ሲሆን፣ ዝናብ ካላጠበው በቀር አየር ላይ ለቀናት ተንሳፍፎ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ከደቃቁ ቅንጣት ከፊሉ ከጭስ ማውጫ ሲወጣ ቅንጣት አይደለም፤ ድኝ ካለበት ነዳጅና ከሞተር የሚወጡት ጋዞች በጉዞ ላይ ሳሉ ተለውጠው ነው ቅንጣት የሚሆኑት። እንግዲህ ምንጩ በአንድ ከተማ፣ ጉዳቱ በሌላ ከተማ የሚሆንበት ምክንያት ከአየሩ ጠባይ የመነጨ እንጂ ፖሊሲ አውጪዎች የፈጠሩት አይደለም።

ሁሉም የራሱን ያጽዳ የሚለው መርሕ ምን እንደሚያስከትል ለማየት የብሪታንያን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ1952 ዲሴምበር ወር ለንደንን ለአምስት ቀናት ያፈናት የድንጋይ ከሰል ጭስ በወቅቱ ግምት 4,000 ያህል ሰው ፈጀ። ከአራት ዓመት በኋላ የንጹህ አየር ሕግ ወጣ፤ የከተማው ጭስም እየቀነሰ ሄደ። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ ድኙን ከማስቀረት ይልቅ ጭስ ማውጫቸውን እያስረዘሙ ወደ ላይኛው አየር ለቀቁት። ለብሪታንያ ከተሞች መፍትሔ የመሰለው ነገር ከብሪታንያና ከአህጉሩ መካከለኛ ክፍል በነፋስ ተጉዞ በስዊድንና በኖርዌይ አሲድ ያለበት ዝናብ ሆኖ ወረደ፤ ሐይቆቹም ዓሣ አልባ ሆኑ። እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ሰማይ ብቻ እንዲያይ ሲደረግ፣ ርካሹ መንገድ ጭሱን ማጥፋት ሳይሆን ማሻገር ይሆናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ በሆነ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ደሴ ደግሞ ከ25 ኪሎ ሜትር በማይርቅ መንገድ ላይ፣ 650 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተቀምጣለች። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየር ሸለቆው ሥር ይተኛል፤ ሞቅ ያለው ከላይ ሆኖ ይከድነዋል። በጥቅምትና በጥር መካከል በማለዳ ሁለቱን ከተሞች ከሚያገናኘው የሐረጎ ዳገት ቁልቁል ላየ ሰው ጭሱ ሜዳው ላይ የሚንጣለለው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይ ወጥታ ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ መሄድ ይጀምራል፤ ማታ ተመልሶ ይወርዳል። በተራራማ አገር ሁሉ የሚታየው ይህ የአየር ምልልስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ብቻ ሥራውን ያቆማል ብሎ ለማመን ከጽሑፉ የተሻለ ማስረጃ ያስፈልጋል። ጸሐፊው ስለ ቦርከና ወንዝ ሲጽፉ ከደሴ የሚጣለው ቆሻሻ ኮምቦልቻ እንደሚደርስና ሁለቱ ከተሞች በወንዙ ጉዳይ መነጋገር እንዳለባቸው አምነዋል። ውሃው ቁልቁል ሲወርድ የጋራ የሆነ ጉዳይ፣ አየሩ ሽቅብ ሲወጣ የግል የሚሆንበትን ምክንያት ግን አላስረዱም።

አየሩን ለጊዜው እንተወውና የሚንቀሳቀሰውን ምንጭ እንመልከት። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ የተነሣ ከባድ መኪና በአፋር ክልል ሚሌን አልፎ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ባቲን አቋርጦ፣ ኮምቦልቻ ይገባል፤ ወደ ሰሜን የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ በሙሉ ጭነት በአነስተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሐረጎን ይወጣል። የናፍጣ ሞተር አብዝቶ የሚያጨሰው እንዲህ ባለው ዳገት ላይ መሆኑን የደሴ መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። መኪናው የሚያቃጥለውን ነዳጅ አገር ውስጥ የሚያስገባው የፌዴራሉ መንግሥት ድርጅት ነው፤ ሰሌዳውን የሰጠው ምናልባት ሌላ ክልል ነው፤ ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ የተለጠፈለት በሌላ ከተማ ነው። ደሴ ብቻዋን ይህን መኪና ምን ልታደርገው ትችላለች? ጥብቅ የጭስ ምርመራ ብታውጅ የሚመረመሩት በከተማዋ የተመዘገቡት ጥቂት ተሽከርካሪዎችና ምስኪኖቹ ባጃጆች ይሆናሉ፤ ትልቁ ጭስ ግን በፒያሳ በኩል እያለፈ ይሄዳል።

ሁለተኛው ነጥብ ቤጂንግን ይመለከታል። ጸሐፊው የቻይና ዋና ከተማ ሰማይ የጠራው ከተማዋ የራሷን መኪናና ፋብሪካ ስለተቆጣጠረች ነው ይላሉ። ከተማዋ ብዙ መሥራቷ አይካድም። ይሁን እንጂ የቤጂንግ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ራሱ በ2014 ይፋ ያደረገው ትንተና፣ ከከተማዋ ደቃቅ ቅንጣት ከ28 እስከ 36 በመቶ የሚሆነው ከከተማዋ ውጭ የሚመጣ መሆኑን አሳይቷል። ቤጂንግ የገዛ ራሷን ጭስ ሙሉ በሙሉ ብታጠፋ እንኳ ሲሶው ገደማ ከነፋሱ ጋር ይመጣባት ነበር ማለት ነው። በ2013 ሴፕቴምበር የወጣው ብሔራዊ የድርጊት ዕቅድ ቤጂንግን፣ ቲያንጂንን እና በዙሪያቸው ያለውን የሄቤይ ክፍለ ሀገር እንደ አንድ አካባቢ ቆጥሮ፣ በ2017 ደቃቁን ቅንጣት በ25 በመቶ እንዲቀንሱ የጋራ ግዴታ የጣለባቸው ከዚህ የተነሣ ነው። በ2017 ደግሞ ሻንሺ፣ ሻንዶንግና ሄናን ውስጥ ያሉ ከተሞች ተጨምረው፣ ሁለቱ ታላላቅ ከተሞችና ሌሎች 26 ከተሞች በአንድ የብርድ ወራት ዕቅድ ሥር ገቡ። የቤጂንግ ዓመታዊ አማካይ በ2013 ከነበረበት 89.5 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ፣ በ2017 ወደ 58፣ በ2021 ወደ 33 ወርዷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ካወጣው የ5 ማይክሮ ግራም መመሪያ ጋር ሲተያይ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ነገር ግን በስምንት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊጠቅሱት ሲገባ ያለፉት፣ ለእርሳቸው ክርክር ይበልጥ የሚጠቅም አንድ ታሪክ አለ፤ ለሦስተኛው ነጥባቸው መልስ ስለሚሆን እኔው ላንሣው። ሾውጋንግ የተባለው ታላቅ የብረት ፋብሪካ ከ2005 ጀምሮ ከቤጂንግ እየተነሣ ወደ ሄቤይ ጠረፍ ወደ ታንግሻን ተዛወረ። ዋና ከተማዋ አንድ ታላቅ የጭስ ምንጭ ተወገደላት፤ ጎረቤቷ ግን ተጨመረባት። ጸሐፊው ኮምቦልቻ ለደሴ ስትል እንጀራዋን ታጣለች ብለው የሚፈሩት ፍርሃት ከዚህ ዓይነቱ ነገር የሚመነጭ ስለሆነ ባዶ ፍርሃት ነው አልልም። ከላይ ያለችው ከተማ ንጹህ አየር ብላ ስትጠይቅ፣ ከታች ያለችው ከተማ ሠራተኛ ሲቀነስ ዝም ብሎ የሚመለከት ፖሊሲ ፍትሐዊ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ከዚያ በፊት የነበሩት የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረትና የቆዳ ፋብሪካዎች የኮምቦልቻ ብቻ ሳይሆኑ የመላው ደቡብ ወሎ ወጣት ተስፋ ናቸው።

ነገር ግን የሾውጋንግን ታሪክ ልብ ብሎ ላየ፣ በደሉ የተፈጸመው ከተሞቹ ስለተቀናጁ አይደለም፤ የጋራው ዕቅድ ከመምጣቱ በፊት፣ ቤጂንግ ለራሷ ብቻ ባሰበችበት ዘመን ነው። የጋራው ግዴታ ከመጣ በኋላ ግን ጭስን ወደ ጎረቤት መግፋት ትርፍ አልባ እየሆነ ሄደ፤ በጎረቤት ላይ የሚቆጠር ጭስ በራስም ላይ ይቆጠራልና። በ2015 ደግሞ ቤጂንግ በሄቤይ ላሉት ለባኦዲንግና ለላንግፋንግ ከተሞች የድንጋይ ከሰል ቦይለሮቻቸውን እንዲለውጡ ገንዘብ ሰጥታለች። ሀብታሙ ከተማ ለድሃው ጎረቤቱ የመክፈሉ ሐሳብ፣ መጠኑ ያንሳል ተብሎ ሊተች ቢችልም፣ ያለ ቅንጅት ከየትም አይመጣም።

ለኮምቦልቻ የሚያሰጋት ነገር ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ብቻዋን የጭስ ማጣሪያ ግዴታ ብታወጣ፣ የሚቀጥለው ባለሀብት ያንን ወደማይጠይቅ ከተማ ይሄዳል፤ ስለዚህ አታወጣም፤ ሌላውም ከተማ በተመሳሳይ ፍርሃት አያወጣም። ሁሉም እርስ በርስ እየተያዩ ይቀመጣሉ። የጋራ ወለል፣ ማለትም ማንም ከተማ ከእርሱ በታች ሊወርድ የማይችልበት አንድ ደረጃ፣ ሲኖር ግን ባለሀብቱ መሬቱን፣ መንገዱን፣ ደረቅ ወደቡንና የሰው ኃይሉን አይቶ ይመርጣል እንጂ የት ልቅ አለ ብሎ አይመርጥም፤ በዚህ ሚዛን ከሆነ ኮምቦልቻ የምታፍርበት ነገር የላትም። የኮምቦልቻ ጠበቃ ሆነው የቆሙት ጸሐፊ ከማንም ቀድመው የጋራ ደረጃ መጠየቅ ነበረባቸው።

አራተኛው ነጥብ ስምምነቶች ወረቀት ናቸው የሚለው ነው፤ ጸሐፊው የደቡብ ምሥራቅ እስያን የጭስ ስምምነት ይጠቅሳሉ። ይህ የተመረጠው ምሳሌ ትክክል ነው። ስምምነቱ በ2002 ተፈረመ፤ የጭሱ ዋና መነሻ የሆነችው ኢንዶኔዥያ እስከ 2014 ድረስ ሳታጸድቀው ቆየች፤ በ2015 ደግሞ ከሱማትራና ከቦርኒዮ የተነሣው የደንና የፒት (ከበሰበሰ ዕፅዋት የተፈጠረ የረግረግ አፈር) ቃጠሎ ሲንጋፖርንና ማሌዥያን ጭስ አለበሳቸው። የስምምነቱ ድክመት ግን የሚታወቅ ነው፦ የማያከብር አገር የሚጠየቅበት አንቀጽ የለውም፤ አባል አገሮቹም አንዱ በሌላው የውስጥ ጉዳይ አለመግባትን ከጭሱ አስበልጠው ያያሉ።

ከዚህ ጎን በ1979 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለት ስምምነት ሲቀመጥ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። የቀዝቃዛው ጦርነት ጎራዎች አንድ ላይ የፈረሙት ይህ ስምምነት መጀመሪያ ላይ እርሱም አጠቃላይ ቃል ነበር። የለየው ነገር፣ ከምዕራብም ከምሥራቅም ያሉ አገሮች በአንድ ዘዴ የሚለኩበትና የማን ድኝ የት እንደወረደ የሚያሰላ የጋራ የልኬት መርሐ ግብር የነበረው መሆኑ ነው። ውጤቱ በገለልተኛ ሰንጠረዥ ላይ ሲወጣ፣ ከእኔ አይደለም ማለት አስቸጋሪ ሆነ። በ1985 ሄልሲንኪ ላይ ፈራሚዎቹ ድኝን በ1993 ከ1980ው መጠን በ30 በመቶ ለመቀነስ ተስማሙ፤ ብሪታንያ ያን ጊዜ አልፈረመችም። በ1994 የወጣው የኦስሎ ፕሮቶኮል ግን ለሁሉም አንድ መቶኛ ከመስጠት ይልቅ መሬቱና ሐይቁ ሊሸከም የሚችለውን መጠን መነሻ አድርጎ ለየአገሩ የተለያየ ግዴታ ሰጠ፤ ብሪታንያም ገባች። ስለዚህ ጥያቄው ስምምነት ይሠራል ወይስ አይሠራም ተብሎ መቅረብ የለበትም፤ የጋራ ልኬትና የሚቆጠር ግዴታ ያለው ስምምነት ሠርቷል፣ እነዚህ የሌሉት አልሠራም።

ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ፣ አፍሪካችንም የራሷ ምሳሌ አላት። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተሰብስበው እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለማስቀረት ተስማሙ፤ በ2006 መጀመሪያ ላይ ቤንዚኑ ከአካባቢው ወጥቶ ነበር ማለት ይቻላል። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛንያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲም ከ2015 ጃንዋሪ ጀምሮ የናፍጣቸውን የድኝ መጠን በአንድነት ወደ 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50 እጅ) አውርደዋል። ነዳጅ በአንድ ወደብና በአንድ መንገድ ወደ ብዙ አገር ሲገባ፣ አንዱ አገር ብቻውን የተሻለ ነዳጅ ማስገባት ውድም አስቸጋሪም ስለሚሆን፣ አንድ ላይ መግዛታቸው ነው ሥራውን ያቀለለው። ሐረጎ ላይ የሚወጣው መኪና የሚያቃጥለው ናፍጣ ጉዳይም በደሴ ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን በዚህ ዓይነት መንገድ የሚፈታ ነው።

አምስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው። ጸሐፊው የወሎን እናቶች ሳንባ የሚያቆስለው ከጭስ ማውጫ በፊት የሦስት ጉልቻው ጭስ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የሚፈጠር የአየር ብክለት በ2020 ወደ 3.2 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሰው ሞት ምክንያት እንደነበር ገምቷል። እንጨትና ኩበት በሚነድበት፣ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ የምትውል ሴትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን የሚተነፍሱት አየር ከየትኛውም የፋብሪካ አጥር ሥር ካለው የከፋ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

የማልስማማው ቀጥሎ ባለው ላይ ነው፤ ፖሊሲ ማድ ቤት አይገባም የሚሉት። የደሴ ምድጃ ላይ የሚነደው ከሰል የሚከሰለው ደሴ ውስጥ አይደለም፤ ከቆላው ተጭኖ፣ የሌላ ወረዳና አንዳንዴም የሌላ ክልል ኬላ አልፎ ይመጣል። አንዱ ወረዳ ከሰል ማክሰልን ሲከለክል አክሳዩ ወደ ሚቀጥለው ወረዳ ይሻገራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ፣ እማወራዋ እንጨቱን ትታ ወደ ኤሌክትሪክ እንድትዞር የሚያደርጉት ታሪፉና የመብራቱ አለመቆራረጥ ናቸው፤ ሁለቱም የሚወሰኑት በፌዴራል ደረጃ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እንጨቱን እስከ ግማሽ የሚቆጥበውን «ምርት» የተባለ የእንጀራ ምድጃ በብዛትና በአንድ ጥራት ማሠራትም ገበያው ከአንድ ቀበሌ ሲሰፋ ነው የሚያዋጣው። በቻይናም የጋራው ዕቅድ በቀጥታ ማድ ቤትና ምድጃ ድረስ ገብቷል፤ በ2017 ብቻ በሰሜኑ ክፍል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ከድንጋይ ከሰል ወደ ጋዝና ኤሌክትሪክ እንዲዛወሩ ተደርጓል።

ሆኖም ያ ዘመቻ ያስከተለውን ጥፋትም መናገር ይገባል። የድሮው ምድጃ ሲነሣ ጋዙ በበቂ አልደረሰም፤ በሄቤይ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሕፃናት ክፍሉ ስለቀዘቀዘባቸው ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ተምረዋል፤ በዲሴምበር 2017 የአካባቢ ሚኒስቴሩ ጋዝ ያልደረሰበት ቦታ በከሰሉ እንዲቀጥል አስቸኳይ ደብዳቤ ጻፈ። በእኛም አገር ከሰል ተከልክሎ መብራት ካልመጣ የሚሆነው ይኸው ነው። አማራጩ እጅ ላይ ሳይደርስ የሚወጣ ክልከላ፣ በአንድ ከተማም ይውጣ በአሥር ከተማ፣ ድሃውን የሚቀጣ ነው።

ስድስተኛው ነጥብ፣ ሕግ የለንም የሚለው፣ ረጅም መልስ አይጠይቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 295/1995 በየክልሉ የአካባቢ ጥበቃ አካል እንዲቋቋም ያዛል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ እንዲያወጡ ይፈቅዳል፣ የላላ እንዳያወጡ ግን ይከለክላል፤ ከላይ የጋራ ወለል ያልኩት ይኸው በሕግ የተጻፈው ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ተፅዕኖው ከአንድ ክልል ወደ ሌላ የሚሻገር ፕሮጀክት በፌዴራሉ ባለሥልጣን እንዲገመገም ያደርጋል። የጎደለው ሕጉን የሚሠሩበት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸውና እጃቸው ላይ የጋራ ቁጥር መኖሩ ነው።

ለዚህም አዲስ ቢሮ መክፈት አያስፈልግም። የደሴና የኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደሮች፣ የቃሉ ወረዳና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ከክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጋር ሆነው፣ አንድ ዓይነት መለኪያ በአንድ ዓይነት አሠራር ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ፣ ሐረጎ አጋማሹ ላይ፣ ደሴ ከተማ ውስጥና ባቲ መንገድ ዳር ቢያቆሙ፣ ውጤቱንም በየወሩ ለሕዝብ ቢለጥፉ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ጎን ለጎን በባቲና በኮምቦልቻ መካከል ባለ አንድ ኬላ ላይ ሰሌዳው የየትም ይሁን የከባድ መኪና ጭስ የሚለካበት፣ ውጤቱም ቦሎ በሰጠው ክልል ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኝበት ስምምነት ያስፈልጋል። ክረምትና በጋ ከተፈራረቁ በኋላ ያለው የአንድ ዓመት ልኬት የኮምቦልቻ ጭስ ሐረጎን እንደማይሻገር ካሳየ የጸሐፊው የመጀመሪያ ነጥብ ይጸናል፤ ናፍጣው፣ ከባድ መኪናውና ከሰሉ ግን ያን ጊዜም ቢሆን ከአንድ ከተማ አስተዳደር እጅ ውጭ ናቸው።